ያልጮኸው የእማዬ ስልክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ዛሬም ከአለቃዬ ከዳዊት ጋር ተከራከርን። ሰሚት ላለው ክሊኒክ የሠራነው ሲስተም ሙከራ ላይ ነው፤ የምርመራ ውጤት ሲደርስ ለታካሚው ኤስኤምኤስ ይልካል። ዳዊት ሬስት በሚባለው መንገድ፣ የትም ሳናስቀምጥ ቀጥታ እየላክን እንቀጥል ይላል፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል። እኔ መልእክቱ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅበት ቦታ ይኑረው እላለሁ። በቀጥታው መንገድ ወዲያ ማዶ የሚቀበል ከሌለ እዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

"ኔትወርክ የሚጠፋው አንዳንዴ ነው፤ አታካብጂ" አለኝ።

ከሰዓት እማዬ ከጎሮ ደወለች። ባለፈው ሳምንት እዚያው ክሊኒክ ተመርምራ ነበር።

"ስልኬ አልጮኸም። ችግር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር፤ ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ተመስገን" አለችኝ።

ሲስተሙ የላከውን የሚመዘግብበትን ሎግ ከፍቼ አየሁ። ጠዋት ኔትወርክ ሲጠፋ ሳይደርሱ ከቀሩት መልእክቶች አንዱ የእሷ ነው።

ለዳዊት አሳየሁት። ተስማማም አልተስማማም ወረፋውን ነገ እጀምራለሁ፤ እስኪደርስ ደጋግሞ የሚልክ፣ አልደርስ ካለም ለክሊኒኩ የሚናገር።

ውጤቷን ከኮምፒውተሬ ማየት እችል ነበር። አልከፈትኩትም። ጠዋት ራሴ ክሊኒኩ ይዣት እሄዳለሁ።

እሷ ግን ደህና ነኝ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች።