አማቴ ያመጡት አብሾ

ሰኞ
ዛሬ ደግሞ ልጄን ክፍል ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጧት። አብራት የምትቀመጠው ልጅ እናት «ዓይነ ጥላ ይጋባል» ብላ አቤት ብላ ነው አሉ። ትዕግሥቴን ወደ ኋላ፣ ባዶ ዴስክ ላይ። ሐኪሙ ዲስሌክሲያ ይባላል፣ ፊደል ይምታታባታል እንጂ አእምሮዋ ደህና ነው ያለኝን ለመምህሯ ብነግረው ሳቀብኝ። የፈረንጅ በሽታ ነው አለ። ልጄ እኮ አንዴ የሰማችውን ተረት ከመነሻው እስከ መድረሻው የምትደግም ናት! እርር ድብን አልሁ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ
አማቴ መሪጌታ ከአንበሳሜ መጡ። ማን እንደጠራቸው አውቃለሁ፤ ባሌ ደሳለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። በእኛ ዘር ፊደል ያልገባው የለም አሉ፣ እኔን እኔን እያዩ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። አብሾ! የቅኔ ተማሪ አእምሮው እንዲከፈትለት የሚጠጣው።
«እኔም ጠጥቻለሁ፤ ምን ሆንሁ?» አሉ።
«ወንድምዎስ?» አልኋቸው።
 ወንድማቸው ያንን ጠጥተው ከቅኔ ቤት እንደወጡ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጣና ዳር ለብቻቸው ሲያወሩ ይውላሉ። ትዕግሥት ሁሉንም ሰማች። የት ትሂድ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው።

ረቡዕ
ደሳለኝ ትንሽ ቢሞከርስ ይለኛል። በሬሳዬ ላይ ተራምዳችሁ ካልሆነ አልሁና ብልቃጡን ነጠቅሁ። መድፋቱን ግን ፈራሁ። የመሪጌታ መድኃኒት ደፍቼ እርግማኑን ማን ይችለዋል? ከዱቄቱ ጣሳ ኋላ ሸሸግሁት።
ደግ ነገርም አለ። ከሰዓት ትዕግሥት በጣቷ እየተከተለች አንድ መስመር አነበበችልኝ፤ ቀስ ብላ፣ ላብ እያጠመቃት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ፣ አያቴ ማንበብ የቻሉት በጠጡ ቀን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዝም ብለሽ አንብቢ አልኋት።

ሐሙስ
ከገበያ ስመለስ ብልቃጡ ጎድሏል። ደሳለኝን ላንቀው ደረስሁ። አማቴ በታቦት ማሉ። ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ቀልቶ፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኖ።
«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ነገ ከልጆቹ ጋር እንዲያስቀምጡኝ ብዬ።»
ወደ ሆስፒታል ስንበር የዓባይን ድልድይ እንዴት እንደተሻገርን አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ የሌለ ክር ከአየር ላይ ስትለቅም ነበር።

ዓርብ
ሆስፒታል ነን። ሐኪሙ አብሾው ይለቃታል ይላል። መቼ ብለው እንጃ ይላል። አማቴ በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አልገለጡትም። ልረግማቸው ፈልጌ አቃተኝ።
አሁን ነቃች። አወቀችኝ፤ እሰይ አልሁ። ከዚያ ቦታ እንደምትለቅ ሰው ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።
«እማዬ፣ ይኸው አብራኝ ተቀመጠች» አለች ፈገግ ብላ።
አልጋው ላይ ከእሷ በቀር ማንም የለም።