ለገዛ ልጄ ሽማግሌ ላክሁ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ መልአኩ
ሆሳዕና

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ዳገቱን እየፈራህ ነው? እትዬ ስሜነሽ ደኅና ናት? ልጆቹ፣ የጓሮው እንሰት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ሙሉ ነው። የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ቢሆንም ብርድ ልብሱ እየተሸጠልኝ ስለሆነ አላማርርም። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ጣሊያን ነው።

አትሳቅብኝ። ፀደይ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የከተሞችን ታሪክ ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከጣሊያን ከተሞች ሌላ ወሬ ጠፋ። ወጥ ሳማስል ቬኒስ፣ ልብስ ሳጥፍ ፍሎረንስ! ቬኒስን ጭቃ ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው የሠሯት ትለኛለች። ይሁን። የፍሎረንስ ሰዎች ደግሞ ትልቁን ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲጀምሩ ያን የሚያህል ጣሪያ እንዴት እንደሚከደን የሚያውቅ አልነበራቸውም አሉ፤ ግድግዳው ቆሞ መሃሉ ሰማይ እያየ ስንት ዘመን ኖረ! ጋሼ፣ አንተ ክዳኑን ሳታስብ ምሰሶ ታቆማለህ? እንዲህ ብላት፣ የሚከድነው ሰው ይወለዳል ብለው አምነው ነዋ እማዬ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። በመሳም ነው የምታሸንፈኝ።

በቀደም አንዲት የሶዌቶ እናት ሱቃችን መጥታ ቡናማ መጋረጃ ጠየቀች። ፀደይ ሆዬ፣ እንዲህ ያለው ቀለም ሲየና ከምትባል ከተማ አፈር ይሠራ ነበር ብላ ጀመረችላት። ሴትዮዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ታክሲዋ አመለጣት፣ መጋረጃውንም ረስታ፣ ማማ፣ ይቺን ልጅ አስተማሪ አድርጊያት ብላኝ ወጣች።

ነገሩ የከረረው በዚችው በሲየና ነው። እዚያ ያለ ዩኒቨርሲቲ ወጪዋን ችሎ ለሁለት ዓመት ተቀብሏታል፤ መስከረም ላይ ልሂድ አለች። አባቷ ሲሞን ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ብቻዬን ጥላኝ! ብመክራት አልሰማ ስትለኝ ሽማግሌ ላክሁባት። ሽማግሌ የሰው ልጅ ለመጠየቅ ይላካል እንጂ፣ አንድ ቤት ለምታድር ለገዛ ልጅ ይላካል? እኔ ላክሁ። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ይገዙና ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸፊቃ መጡ፤ እኔም እንደ ደንቡ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ልጅቷ ብልጥ ናት። ሲየና ማለት እኮ እንደኛ እድር ናት ብላ ጀመረች። ከተማው በሰፈር በሰፈር የተከፈለ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የየራሱ ባንዲራና የየራሱ ምንጭ አለው፣ ሕፃን ሲወለድ የሰፈሩ ልጅ ተብሎ በምንጩ ውሃ ይረጫል። በበጋ በፈረስ ይሽቀዳደማሉ፤ ፈረሱንም አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን አስገብተው ያስባርኩታል። አቶ ይገዙ ይህን ሲሰሙ፣ ከሰው ጋር ቆሞ ያስቀድሳል? ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ብዙዎቹ ሰፈሮች በእንስሳ ስም ይጠራሉ ስትላቸው እሳቸው ኤሊን መረጡ፣ ሸፊቃ ቀንድ አውጣን። ለካ የኤሊና የቀንድ አውጣ ሰፈሮች የቆየ ጠብ አላቸው! ይህን ስትነግራቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ሸፊቃ፣ እርስዎ እንኳን ለፈረስ ግልቢያ ለእድር ስብሰባም በሰዓቱ ደርሰው አያውቁ፣ ኤሊ ያንስዎታል? አለቻቸው። እሳቸውም፣ አንቺስ ከዚህ ከሜይፌር ሰፈር ወጥተሽ የት ታውቂያለሽ፣ ቀንድ አውጣ! አሏት። ለምክር የጠራኋቸው ሰዎች! እየተነታረኩ ሲወጡ አቶ ይገዙ በሩ ላይ ዘወር ብለው ፍርዳቸውን ሰጡኝ። ልጅቷ ትሂድ፤ ግን አባት ስለሌላት አጎቷ ይመርቃት አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ብዕር ያነሣሁት አይሆንም በልልኝ ልልህ ነበር። ትናንት ሱቅ ስንዘጋ ግን ፀደይ፣ አጎቴ አይሆንም ካለ እቀራለሁ፣ ሁለተኛ አላነሣብሽም አለችኝ። እልል ማለት ሲገባኝ የቆለፍኩትን በር መልሼ ከፈትኩት። ዛሬ ቁርስ ላይ አንድ ከተማ አልጠራችም። ጨነቀኝና፣ ያቺ ቦሎኛ ያልሽኝ አገር ጥንት ተማሪው ያረፈደ አስተማሪን ይቀጣ ነበር ያልሽው የምርሽን ነው? ብዬ ራሴው ጠየቅኋት። የምሬን ነው ብላ ሻይዋን ጠጣች። በቃ። ጋሼ፣ ወሬዋ ሲያቃጥለኝ ከርሞ ዝምታዋ ገደለኝ።

ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንደውልልህ መርቃት። እኔም እንድሰማ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መርቃት። እኔ ግን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው እየተቆጣሁ ነው የምሸኛት፤ ቁጣውን ከተውኩ አለቅሳለሁ።

እትዬ ስሜነሽን ጉንጯን ሳምልኝ። ለመሰረት እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ፤ ሕፃኑን ዓይኑን ሳሙልኝ። አልአዛር ትምህርቱን እንዳይዘነጋ። ለጎረቤት ሁሉ፣ ስሜን ለሚጠራ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

እህትህ ፀዳለ
ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.