ሁለታችንም እምቢ ያልነው መሬት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀው የልጅ ልጄስ፣ አዲሱ በቀለላት ወይስ አሁንም እያፏጨች ነው የምታወራው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው የሚያስታውሰኝ፤ ከሬዲዮኑ የተሻለ ይናገራል።

ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪ አትሳቂ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ አስተማሪው ነበር፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሳምረዋል። ይኼኛውን ለእሱ ብነግረው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ እናትሽ ባስተማረችኝ ፊደል ራሴ እየቆፈርኩ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ገና እዚህ ደረስኩ።

የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀብታችሁ እንደምትጠብቁኝ ጽፈሽልኛል። እግዜር ይስጥሽ። መልሱን ግን እንዲሁ አልሰጥሽም፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነገር እውነት ሆነ። የፕላን ሰዎች መጥተው በመሰብሰቢያ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ካርታ ዘረጉ። መንደራችን በሙሉ ሐምራዊ ተቀብቷል። የባቄላ ማሳዬ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። የታችኛው ስንዴ መሬት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሆናል፤ የጥጃው በረት ያለበት ደግሞ የፍሳሽ ማጣሪያ። ለእሱስ ምንም አልል፣ ጥጃው ሥራውን ጀምሮት ነበር።

ሰው አለቀሰ፣ ሰው ጮኸ፣ ግማሹ ደግሞ ልጆቼ ሥራ ያገኛሉ ብሎ ደስ አለው። በእኔ ቁጣ የሚመለስ ነገር ቢሆን ካርታው ሳይዘረጋ በተመለሰ ነበር። ለሚነሳ ሰው ኮረብታው ወገብ ላይ የቤት ቦታና ለጓሮ አትክልት የምትሆን መሬት ይሰጣል ተብሏል። እኔ ካርታው ላይ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያች ሴትዮ ጋር የምንካሰስባትን የድንበር መሬት።

ሴትዮዋን መቼም አትረሻትም። እኔ አሜኬላ የምላት፣ እሷ ጉቶ የምትለኝ። ጉቶ ስትለኝ ደሜ እንዴት እንደሚፈላ ታውቂያለሽ። ባሏ በሕይወት ሳለ የጀመርነው ክርክር ነው፤ እሱም አረፈ፣ እናትሽም አረፈች፣ እኛ ግን አላረፍንም። ከሁለት ክንድ የማትሰፋ መሬት፣ መሐሏ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ። ሥሩ በእኔ በኩል ነው እላለሁ፤ ፍሬው የሚወድቀው በእኔ በኩል ነው ትላለች። ስንቱ ዳኛ መጥቶ ሄደ።

ቀያሿን ልጅ መሬቷ የት አለች ብዬ ጠየቅኳት። ቆብ ያደረገች፣ ያንቺ እኩያ የምትሆን ናት። በእርሳሷ ጫፍ ጠቆመችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። አባባ፣ እርሳሱ ሸፍኗት ነው አለችኝ። ኮፍያዬን ደፍቼ ወጣሁ።

አንቺና እናትሽ እኔ ሳልኖር ከዛፉ ሥር ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከሴትዮዋ ጋር ጨው፣ ክብሪት፣ ሎሚ ስትለዋወጡ የማላውቅ ይመስላችሁ ነበር። የደከመው ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አይደለም፤ የሎሚ ዛፍ በሌለው ቤት ሎሚ እየሸተተኝ እራቴን እበላ ነበር። እናትሽ ካረፈች በኋላ ድንጋይዋ ባዶዋን ከረመች። ከዚያ አንድ ጠዋት እንቁላል ተቀምጦባት አገኘሁ። በማግስቱ ሽንኩርት አስቀመጥኩ። እንዲህ ሆነን ኖርን። ጠዋት ፍርድ ቤት እንሰዳደባለን፣ ማታ እንቁላሏን እበላለሁ። አንዴ እንዲያውም በክርክሩ መሐል ሽንኩርቱ እንኳ የበሰበሰ ነው ብላ አመለጣት። ዳኛው የምን ሽንኩርት ብሎ ጠየቀ። ሁለታችንም ወለሉን አየን።

የቅየሳው ቀን ደረሰ። ጎረቤትና ጎረቤት ድንበሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ያሳያሉ፣ ቀያሿ ችካል ትተክላለች። ከታች ያሉት ወንድማማቾች በአካፋ ሊፈነካከቱ ነበር። የእኛን ለማየት ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ በርጩማ ይዞ የመጣም አለ። እኔ ሸሚዜን አጥቤ ለብሻለሁ። ቀያሿ አሳዩኝ አለች። እኔ ከዛፉ ወዲህ፣ በራሴ በኩል አሳየሁ፤ ዛፉ የእሷ ይሁን ብዬ። ቀና ስል ሴትዮዋ ከዛፉ ወዲያ፣ በራሷ በኩል እያሳየች ናት፤ ዛፉ የእኔ ይሁን ብላ።

እንዴት ተናደድኩ መሰለሽ። እሷ ደግሞ ብሳ ተናደደች። ምጽዋት ለማኝ ፈልግና ስጥ አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ቸር የሆንሽው አልኳት። ጉቶ ድሮስ ቦታውን መች ያውቃል አለች። በዕድሜያችን እንደዚያ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ቀያሿ ችካሏን ታቅፋ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ስታይ ቆየችና መዶሻዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች፣ እየሳቀች። ሰው የኔ ነው እያለ ሲጣላ ነው የማውቀው፣ ያንተ ነው ያንቺ ነው ተባብሎ ሲጣላ ዛሬ አየሁ አለች።

ነገሩ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። መሬቷ የማንም ካልሆነች የሁለታችንም ፋይል አይዘጋም፣ ፋይሉ ካልተዘጋ የኮረብታው ቦታ አይሰጠንም ተባልን። ቢሮ ተጠራን። ኃላፊው አንዳችሁ ውሰዱና ገላግሉኝ አለ። እኔ እምቢ። እሷ እምቢ። እንግዲያው በጋራ ይመዝገብ ብሎ ወደ ጸሐፊው ሰደደን። ጸሐፊው ዝምድናችሁ ምንድን ነው አለ። ጎረቤት ብለህ ጻፍ አልኩት። ለጎረቤት አይሆንም፣ የጋራ የሚባለው ለባልና ሚስት ነው አለኝ። ኮፍያዬን አንስቼ ልወጣ ስል ሴትዮዋ አልተነሳችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ስትዳብስ ቆየችና አንድ ቃል ተናገረች። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎም እንዲሁ ይላሉ?»

ሰው ተናግሮ ሳልቃወም የቀረሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ለፋይሉ እንዲመች ነው።

አንድ ቦታ ደረሰን። አንድ አጥር፣ አንድ በር። ግድግዳው ቆሟል። እኔን ሲያስጨንቀኝ የከረመው የእናትሽ ፎቶግራፍ ነበር፤ የት ይሰቀላል ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ። ትናንት ሴትዮዋ ከግንበኛው ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። በመስኮቱ ትይዩ መደርደሪያ አትሥራ፣ ጠዋት ፀሐይ የምታገኘው እዚያ ስትሰቀል ነው ትለዋለች። ግንበኛው ማን ናት የምትሰቀለው አላት።

«ጓደኛዬ ናት» አለችው።

እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ጉልበቴን ሳሽ ቆየሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያን የተቀባ ክፍል ለልጅሽ ስጫት፣ ትጫወትበት። እናንተን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ተረቱን ያወጣው ሰውዬ እንደኔ የሚካሰሰው ጎረቤት ሳይኖረው አልቀረም። እኔ ማንንም አልለማመጥም፣ ታውቂኛለሽ። ቅር የሚልሽ ከሆነ ግን ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ያንቺ ቃል ሳይመጣ ጣሪያው አይመታም ብያለሁ። ግንበኛው ዝናቡ ደረሰ እያለ ይነዘንዘኛል። ጉልበቴም ከእሱ ጋር አብሯል። ይነዝንዙኝ።

የኮኩ ዛፍ ይቆረጣል። ቀያሿ ልታተርፈው ሞክራ ነበር፣ መንገዱ በላዩ ላይ ሆነ። ፍሬውን ለቅመን ዘሩን አድርቀናል። ድንጋይዋን ግን በአህያ ጭነን አወጣናት፤ አዲሱ በር አጠገብ ናት። ስትመጪ እንደ ድሮሽ አንድ ነገር አስቀምጪባት። የማንበቢያ መነጽር ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለት ይሁን፣ አንደኛው ፊቱ ጠበብ ላለ ሰው።

ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ጓዳሽ አይጉደል። የልጅሽን ጥርስ እንደ በቆሎ እሸት ይደርድርልሽ። ለእኔ የነፈገኝን ትዕግሥት ለባልሽ አብዝቶ ይስጠው፤ የእኔ ልጅ ነሽና ያስፈልገዋል።

ቃልሽን የሚጠብቅ አባትሽ፣
ጉቶው