ሦስት ሰዓት የዘገየው ግርዶሽ

ጥሊሊ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2006

ናርዶስ እህቴ፣

ዛሬ እዚህ ሰው ሰብስቤ፣ ባቢሎናውያን በሸክላ ላይ ከጻፉት መዝገብ ተነስተው የግርዶሽን ቀን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር አስተማርኩ። «የዛሬው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አልኩ። ፀሐይዋ ምንም አልሆነች። ለካ የለንደኑን ሰዓት ወደ እኛ ስቀይር ሦስት ሰዓት መደመር ረስቻለሁ! አዲስ አበባ ቢሆን ይስቁብኝ ነበር፤ እዚህ ግን እንዳልሸማቀቅ ብለው ስለ ድንች ማሳቸው ማውራት ጀመሩ። አዛውንቱ አቶ ይኸነው ብቻ ጠየቁኝ።

«ባቢሎኖቹ የእጅ ሰዓት ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም።»

«አንተስ?»

ክፍሌ ገብቼ ተደበቅሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አቶ ይኸነው በሬን አንኳኩ፤ «ውጣ እንጂ ልጄ፣ ባቢሎኖችህ መጡ!» የተገመሰችውን ፀሐይ ምስል በካርቶን ቀዳዳ አሳልፌ ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው፤ ማብራሪያዬንም ሳላፍር ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የፖስት ካርዱ መጻፊያ ሞላ፤ እናታችንን ሳሚልኝ።

ብሥራት