ለሽርሽር የተገፋ ተዝካር

ልጄ ማህደር፣ ደብራችን መስቀለ ክርስቶስ እዚያው ጀርመን ድረስ ዘልቆ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ላሟም ወልዳለች።

እኔ ግን ተናድጃለሁ። «ድርጅታችን ጎበዝ ሠራተኞቹን ሮም ሊያስጎበኝ ስለሆነ ለአባዬ ተዝካር አልደርስም» አልሽኝ። አምኜሽ አለቆችሽን ስረግም ከረምኩ። ትናንት ወንድምሽ አንዷለም «እማዬ፣ ሥራዋ እኮ ሠራተኞቹን ማስጎብኘት ነው፤ የጉዞውን ቀን የምትቆርጠውም ራሷ ናት» አለኝ። ከቀን ሁሉ የአባትሽን ሙት ዓመት መረጥሽ? ለቀብሩም አልመጣሽ! ለባዕድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ስታስጎበኚ፣ አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የቀደሰበትን ደብር ረሳሽው?

ካህናቱን ለምኜ ተዝካሩን በሁለት ሳምንት አስገፋሁት። ለሽርሽር ተብሎ ተዝካር ሲገፋ በሰቆጣ ተሰምቶ አያውቅም፤ አፈርኩ። ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም።

ለቅሶውን ፈርተሽ ከሆነ፣ እኔም ፈርቼዋለሁ። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እባክሽ ነይልኝ።

እናትሽ ወለተ ሰንበት