መስመሩ ነው

ይድረስ ለወንድሜ ለስጦታው፣ ሞጣ፤
እንደምን ከርመሃል? እኛ ቢቸናዎቹ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ጤፉም ገብቷል።
ለራሴ ደስታ ብዬ ቤት ውስጥ የሠራኋት የኢንተርኔት ስልክ ማዞሪያ ግን አስቸግራኛለች። እሁድ ስትደውል ድምፅህ ይቆራረጥ ስለነበር ገመዱን ቀየርኩ፤ ራውተሩንም አስተካከልኩ። ማክሰኞ ደውለህ አባባን ስታነጋግር በሌላው ስልክ ሳዳምጥ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። አባባ ግን ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው፣ «ይህ ሰው ማነው?» አሉኝ።
ጎረቤታችን ፈንታነሽ «ሰገነት፣ መስመሩ እኮ አይደለም» ብትለኝ ተቆጣኋት። መስመሩ ነው! ድምፅህን የሚለውጥ ነገር አለ፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ እጅ አልሰጥም።
እስከዚያው አንተው ራስህ ና። ፊታቸው ቆመህ «አባባ» በላቸው። በስምህ ሲጠሩህ ፈንታነሽ ትስማ።
መንገዱን ያቅናልህ፤
የምትናፍቅህ እህትህ ሰገነት