ፒያኖው ዝም ሲል

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ምንም የተለየ ነገር የለም። ትምህርት ቤት ሄድሁ፣ መጣሁ፣ ሽሮ በላሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የአባባን ኖታ ማዞር። አያቴ ፒያኖ ሲጫወቱ ሁለት እጅ ስለማይበቃቸው ሦስተኛዋ እጅ እኔ ነኝ። አንገታቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ገጹን አዞራለሁ። ዛሬ ሆን ብዬ ቆየሁባቸው። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ዘገየሽ!»

«ይቅርታ አባባ፣ ዝንብ የሚያባርሩ መስሎኝ ነው።»

«አንች ልጅ… ሰይጣን ነው አንችን የሚመክርሽ፣ ወይስ አንች ነሽ እሱን?»

ፒያኖው ራሱ ጡረተኛ ነው። አባባ ሙዚቃ ያስተማሩበት ኮሌጅ አውጥቶ ሲጥለው ስምንት ወዛደር ተሸክሞ ደብረ ታቦርን አቋርጦ አመጣው። አንድ እግሩን ምስጥ ስለበላው በብሎኬት ነው የቆመው። ስሜን ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው። ብዙነሽ! በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሰባ ዓመት ሴት ስም ተሸክሜ እዞራለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ቪዛው መጣ! አባባ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለቱን ያለ መነጽር።

ወጣት ሳሉ ባሕር ማዶ፣ ሶፊያ ከተማ ሙዚቃ ተምረዋል። እሑድ እሑድ ኦፔራ ቤት ይሄዱ ነበር፤ ከሁሉ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ቆመው። የመጨረሻ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል የኤምባሲ ሰው መጥቶ በስማቸው ጠራቸው። «ወደ አገር ትመለሳለህ፣ አሁኑኑ።» በቃ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያ መጋረጃ እንደተዘጋ ነው። ዘላለም የሚባል ተማሪያቸው አሁን እዚያው ይኖራል፤ ያንኑ ኦፔራ እንዲያዩ ወንበር ይዞላቸዋል። ሰኔ 14፣ እሑድ ከሰዓት።

«አባዬ፣ ለጩኸት ብለው ይህን ያህል መንገድ?» አለች እማዬ። «ቅዳሜ ገበያ ቢቆሙ አይበቃዎትም?»

እኔም ጠየቅሁ፤ ኦፔራው ውስጥ ያለው ሰውዬ በጩቤ ተወግቶ ሩብ ሰዓት እንዴት ይዘፍናል? አባባ «መሞት ጊዜ ይወስዳል» አሉ። ሳቅን።

ይህ አልበቃ ብሎ የጡረተኞች ብስክሌት ውድድር አለባቸው። ግንቦት 16፣ ከጋሳይ እስከ ደብረ ታቦር። ስድስት ሽማግሌ፣ ሽልማቱ አንድ ሙክት። ልብስ ሰፊው ጋሽ ባዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁምጣ እየሰፉ ነው። እግዚኦ… የስድስት ሽማግሌ ጉልበት በአደባባይ!

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17



ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከፒያኖው አጠገብ ቆሜያለሁ። አንገታቸው ነቅነቅ አለ። አዞርሁ። ደግሞ ነቅነቅ… መስመሩ ገና ነው። «ምነው አባባ፣ ዝንብ ነው?» አልሁ። እየሳቅሁ! ግንባራቸው ቁልፎቹ ላይ ወደቀ። ድምፁ ሁሉ ባንዴ ጮኸ።

ከዚያ ዝም።

እማዬ ገበያ ናት። ማንን ልጥራ? ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ውሃ ደፋሁባቸው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መጀመሪያ ያሉት፣

«ኖታው ረጠበ?»

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

ትምህርት ቤት አልሄድሁም፤ ከአባባ ጋር ክሊኒክ። እማዬ አታውቅም። ዶክተሩ ልጅ ነው። ልብ ነው አለ። ባሕር ዳር ሄደው በደንብ እስኪመረመሩ ዳገት የለም፣ ብስክሌት የለም፣ አውሮፕላን የለም።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አሉት አባባ።

«ሃያ ስምንት።»

«እኔ አንተ ሳትወለድ አርባ ዓመት በዚሁ ልብ ኖሬያለሁ።»

ውጭ ስንወጣ «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ» አሉኝ። እነግራታለሁ አልሁ። አንድ ቃል ሳይመልሱ እጄን ይዘው ቤተ ክርስቲያን። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረኪዳን ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።

«መምሬ፣ ይህች ልጅ የቤት ገመና ታወጣለች። ይገዝቱልኝ።»

ሌላ ቄስ ቢሆን ምን ገመና ብሎ ይጠይቅ ነበር። መምሬ ግን ለፋሲካ ሳላቸውንና አረማመዳቸውን አስመስዬ ሰፈሩን ሳስቅ ይዘውኛል። ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። መስቀሉን አነሱ።

«የአያትሽን ነገር ለሰው ብትናገሪ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ውግዝት ሁኚ!»

ምን እንዳሰሩ አያውቁም። አባባ መሬት መሬት ያያሉ።

መምሬ «እንዳትናገሪ» እንጂ «እንዳትጽፊ» አላሉም… ይህን ሳስብ ሳቄ መጣ። ወዲያው ፍርሃቴ ደግሞ መጣ። ጎረቤታችን አበበች ግዝት የጣሰ ሰው አፉ ይጣመማል ትላለች። አፌ ይጣመም፣ ግድ የለም። ሌላው ነው… ግዝቱን ጥሼ እሳቸው ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ሳልጥስስ ቢደርስ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ድሮ ፒያኖው ሲጮህ ጆሮዬን እይዝ ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው የምሮጠው። ዛሬ አራት ጊዜ ሮጥሁ። አንዴ መነጽራቸውን ሲጠርጉ፣ አንዴ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ፣ ሁለቴ እንዲያው ሲያስቡ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ውሃ ልጠጣ ነው።»

«ይህ ሁሉ ውሃ የት ይገባል?»

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ከትምህርት ቤት ስመለስ ፒያኖው ይሰማል። እፎይ… ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዶ። ቆይቶ ዶ። ደግሞ ዶ። ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? በበሩ ቀዳዳ አየሁ።

የፒያኖው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድመዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ተዘርግቶ በአንድ ጣት አንዱን ቁልፍ ይመታሉ። እኔ እንዳልሮጥ!

አልገባሁም። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ቆጠርሁ። ዶ… ዶ… በመካከሉ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ግዝቱ ስለ ጎማ አንድም ቃል የለውም። ጠዋት የብስክሌቱን ሁለቱንም ጎማ አስተነፈስሁ። አባባ ነፉት። ፓምፑን ደበቅሁ። ከጋሽ ባዩ ተዋሱ። ሰንሰለቱን አውልቄ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ጨመርሁ፤ እሱን እማዬ አገኘችው። «አይጥም ሰንሰለት ትበላ ጀመር?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ማታ ከእራት በፊት አባባ ግቢው ውስጥ ጠሩኝ። ሰንሰለቱን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«ብዙ፣ እኔ የማልፈራ ይመስልሻል?»

ሰንሰለቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በጥፍሬ ፋቅሁ።

«እፈራለሁ። ሌሊት ተጋድሜ የገዛ ልቤን አዳምጣለሁ። ግን ለእናትሽ ብትነግሪያት ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ አልጋ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል አንድ ጊዜ ተጠርቻለሁ። ሁለተኛ አልጠራም።»

«ውድድሩስ? እሱ እንኳ ይቅር።»

«እሱን ከተውሁ ባዩ ለምን ይላል። አንዱን ክር ከሳቡት ሁሉም ይተረተራል።»

ይህን አባባል ከጋሽ ባዩ ነው የወሰዱት። ሰንሰለቱን ያዝሁላቸው። እሳቸው ገጠሙት። ያዝሁላቸው! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ቆረጥሁ። የገዘተ ካልፈታ አይፈታም ይባላል። ስለዚህ መምሬ ዘንድ ሄድሁ። የሉም። ለሱባኤ ጣራ ገዳም ወርደዋል። መቼ ይመለሳሉ? ዲያቆኑ ትከሻውን ሰበቀ። «ቅዳሜ ማታ። መንገድ ካልተዘጋ።»

ዓርብ፣ ግንቦት 14

አልተመለሱም። አባባ ዛሬ ከመኝታ ቤት እስከ በር ሲመጡ ሁለቴ ግድግዳ ያዙ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች። ፊቷ ቆምሁ። አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁ። ከፈትሁ።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ዓሣ የምትሆኝ?»

«ምንም።»

ቁምጣው ተሰፍቶ መጣ። ቢጫ ነው። አባባ ለብሰው ወጡ፤ ሁሉም ሳቀ። ሁሉም እኔን አየ፤ ምን ትል ይሆን ብለው። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

አባባ በጠዋት ብስክሌታቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጋሳይ ሄዱ። እኔ ቤተ ክርስቲያን። መምሬ ተመልሰዋል፣ እየቀደሱ ነው። ቅዳሴ እንደዛሬ ረዝሞ አያውቅም። ሲወጡ ቀሚሳቸውን ያዝሁ።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ።»

«ደግሞ ምን አወጣሽ?»

«ምንም አላወጣሁም። ችግሩ እሱ ነው።»

«እሽ፣ ንገሪኝ።»

«ከነገርሁዎ ጣስሁ ማለት ነው። ለሰው እንዳትናገሪ ብለዋል።»

ሊቆጡ ነበር። ፊቴን ሲያዩት ተዉት። ወደ ዋርካው ሥር ወሰዱኝ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «ይህ ንስሐ ነው። ለሰው አይደለም የምትናገሪው» አሉ። ነገርኋቸው። መውደቃቸውን፣ ዶክተሩን፣ ዶ… ዶ… ዶን። መስቀሉን ከግንባሬ አነሡ።

«ሳልጠይቅ…» አሉ። «እኔ ሳልጠይቅ አሰርሁሽ?» ፊታቸው ሌላ ሆነ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተፈትተሻል። እኔ አሁን በንስሐ ሰምቻለሁና ልናገር አልችልም። አንች ሩጭ!»

ሮጥሁ። እማዬ ግማሹን ሰምታ ነጠላዋን አነሳች። ባጃጅ። ባለባጃጁ ጋሳይ ድረስ አልሄድም ሲል እማዬ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሄደ። ዳገቱ ላይ ያቃስታል። በየመታጠፊያው ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቢጫ ነገር መሬት ላይ ወድቆ እንዳላይ።

ስንደርስ ስድስቱ ተሰልፈዋል። ፊሽካው ዳኛው አፍ ውስጥ ነው። እማዬ ከባጃጁ ወርዳ ቀጥ ብላ ሄዳ የፊት ጎማውን በሁለት እግሯ መካከል አደረገችው።

«አባዬ፣ ይውረዱ።»

«ጌጤ፣ ሰው ፊት ነን።»

«ሰው ፊት ሞተው ልይዎት? ይውረዱ!»

አባባ እማዬን አላዩም። በትከሻዋ ላይ አልፈው እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያ የኤምባሲ ሰው በስማቸው ሲጠራቸው እንዲህ ነው ያዩት ይሆን?

ወረዱ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ባሕር ዳር። ሆስፒታል። የልባቸው ደም ሥር ጠቧል። መድኃኒት፣ ክትትል። ለስድስት ወር አውሮፕላን የሚባል የለም። ሐኪሟ «በደህና ጊዜ መጣችሁ» አለች። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 28

ቤት ገባን። ለእማዬ ይመልሳሉ፣ ለጎረቤት ይመልሳሉ። ለእኔ የለም። ምግብ ሳቀርብ «አስቀምጭው» እንኳ አይሉም። የፒያኖው ክዳን እንደተዘጋ ነው። አሁን ዝምታው የኩርፊያ ይሁን የሌላ በምን ልለየው? ሌሊት ተነስቼ በራቸው ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ። ያንኮራፋሉ። ከኦፔራ ይበልጣል።

ጋሽ ባዩ የሙክቱን አንድ እግር ይዘው መጡ። አንደኛ ወጥተው ነበር። «አንተ ሳትኖር ማሸነፌን ሚስቴ እንኳ አላመነችም» አሉ። አባባ ፈገግ አሉ። እኔ ስገባ ፈገግታው ጠፋ።

መምሬም መጥተው ሁለቱ ብቻቸውን ብዙ ተነጋገሩ። ሲወጡ እኔን አይተው «እስቲ ሳሌን አስመስይልኝ» አሉ። ማሳል አቃተኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 14

ዘላለም ጠዋት ደውሎ ነበር። ወንበራቸውን ለሌላ ሰው አይሰጠውም። ባዶውን ይተወዋል፣ ኮቱን አኑሮበት።

ከሰዓት ዝናብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባባ ተነሡ። ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ ሙሉውን፣ ከረባት ሳይቀር። ክዳኑን ከፈቱ። ከዕቃ ሣጥናቸው ሥር አይቼው የማላውቀውን ወፍራም ደብተር አወጡ። ገጹ ቢጫ፣ ጽሕፈቱ የማላውቀው ፊደል። ያ ኦፔራ ነው። ሁሉም፣ ለፒያኖ የተጻፈ።

እኔ በር ላይ ነኝ። አልጠሩኝም። ግን የእኔ መቆሚያ ላይ ያለውን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

ሄጄ ቆምሁ።

ጀመሩ። ድሮ እንደሚጫወቱት አይደለም፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ዳገት። ስንት ቁልፍ እንደማይሠራ ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ የማይሠራው ቦታ ላይ በአፋቸው ይሞሉታል። እንዲያው አየሁ፣ አየሁ… ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ጣታቸው አየር ላይ ቀርቷል።

«ዘገየሽ!»

ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል።

እውነትም ዘግይቻለሁ። አንገታቸውን ትቼ ደረታቸውን ሳይ ነበር። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ።

«ይቅርታ አባባ፣ ዝንብ…» ልል ነበር፤ ተውሁት።

አዞርሁ።